አሮጌ ሞተር ሳይክል ለሚስት ማስተካከል፦ የትኛው ብር ይመለሳል?

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በእርዳታ ድርጅቶች የጨረታ ማስታወቂያ ላይ የማትቀር አንዲት ሐረግ አለች፤ «ባሉበት ሁኔታ» ትላለች። ከሐረጓ ጀርባ ብዙ ጊዜ በግቢው ጥግ ቆርቆሮ ሥር የተደረደሩ፣ ጎማቸው የተኛ፣ ወንበራቸው የተቀደደ ሞተር ሳይክሎች አሉ። የግብርና ባለሙያውን ከቀበሌ ቀበሌ ያዞሩ፣ የጤና ሠራተኛውን ጭቃ ያሻገሩ ያማሃዎች ናቸው። ተጫራቹ ሲፒኦ አሲዞ፣ በታሸገ ፖስታ ዋጋውን ሰጥቶ፣ ከቀናው በፒክአፕ ጭኖ ይወስዳል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሞተሩ ሕመም ሁሉ የገዢው ነው።

እስከዚህ ያለውን ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ብዙም ያልታሰበበት ሞተሩ ቤት ከገባ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው። ሚስት «እኔም ልንዳው» ያለች ዕለት የግዢው ሒሳብ እንደገና ይሠራል።

አንድ ምሳሌ ይወሰድ። ሐዋሳ የሚኖሩ ባልና ሚስት ይታሰቡ። ባል በግንባታ ዕቃ ድለላ ይተዳደራል፤ ሚስት በርበሬና ሽሮ አስፈጭታ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች ታከፋፍላለች። ዕቃውን የምታደርሰው በባጃጅ ኮንትራት ነው። ኪራዩ በየቀኑ ከትርፏ ላይ ይቆነጠራል። ባል በጨረታ ያነሳው ያማሃ ዲቲ 125 ደግሞ ግማሹን ቀን በር ላይ ቆሞ ይውላል። የቆመ ንብረት ወለድ እንደማያስገኝ ገንዘብ መሆኑን ለዚህ ገጽ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ሚስት ማሰልጠኛ ተመዘገበች። ችግሩ የታየው ቤቷ በር ላይ ሞተሩ ላይ የወጣች ዕለት ነው፤ እግሯ መሬት አልደረሰም።

(ምሳሌው ከአዲስ አበባ ያልተወሰደው ያለምክንያት አይደለም። ዋና ከተማዋ በ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ በሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ከጣለች ወዲህ በዚያ ሞተር መያዝ ከፈቃድ ጋር የተያያዘ ሌላ ጉዳይ ሆኗል።)

ቀላሉ መፍትሔ ይህን ሸጦ ዝቅ ያለ አዲስ መግዛት ይመስላል። ይሁንና ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በብር ሲሰላ ወደ ላይ ወጥቷል። በእጅ ያለ አሮጌ ሞተር ዋጋውም አብሮ ከፍ ብሏል፤ ግን ሸጦ አዲስ ለመግዛት የሚጨመረው ልዩነት ለብዙ ቤተሰብ የዋዛ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው ይህንኑ ሞተር ለእሷ ቁመት፣ ለእሷ እጅና ለእሷ ሥራ ማስተካከል ያዋጣል ወይ የሚል ይሆናል። ያዋጣል፤ ገንዘቡ የሚገባበት ቅደም ተከተል ከታወቀ ብቻ።

ሁለት ኪስ

በአሮጌ ሞተር ላይ የሚወጣ ብር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ለሞተሩ ለራሱ የሚከፈል ዕዳ ነው፦ ጎማ፣ ካላማዳሪያ፣ የፍሬን ሸራ፣ ካቴና፣ ገመዶች፣ ኩሽኔታ። ይህ ማንም ነዳው ማን መከፈል ያለበት ነው። ነገ ሞተሩ ቢሸጥ ደላላው ጎማውን በጣቱ ይጫናል፣ ፍሬኑን ይሞክራል፣ ካቴናውን ወደ ላይ ይስባል፤ ደህና ሆኖ ሲያገኘው ዋጋው ላይ ይታያል። ሁለተኛው ለነጂዋ አካል የሚወጣው ነው፦ የተቀነሰ ወንበር፣ የተጠጋ መሪ፣ ያጠረ ማቆሚያ። ይህኛው ገበያ ላይ ዋጋ የለውም፤ እንዲያውም ረጅም ገዢ ሲመጣ ዋጋ ያስቀንሳል። ኢኮኖሚስቶች የማይመለስ ወጪ የሚሉት ይህንን ነው።

ከዚህ የሚከተለው ሕግ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ኪስ በሰፊው ይከፈት። ሁለተኛው ጠበብ ይበል፣ የሚሠራውም ሁሉ ወደነበረበት ሊመለስ የሚችል ይሁን። በምሳሌው ቤት ለሥራው ከተመደበው ከእያንዳንዱ 100 ብር 65ቱ ወደ መጀመሪያው፣ 20ው ወደ ሁለተኛው፣ የቀረው 15 ለሄልሜት፣ ለጓንትና ለጠንካራ ጫማ ቢሆን ጥሩ ድልድል ነው። ይህ የጥናት ውጤት ሳይሆን የኪስ ስሌት ነው፤ ሞተሩ የባሰበት ከሆነ የመጀመሪያው ቁጥር ያድጋል እንጂ አያንስም።

ባሎች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከሦስተኛ ኪስ ነው፤ ከቀለም። ሳልባትዮውን ቀይ አስቀብቶ፣ ፓራፋንጎውን አስወልውሎ፣ ተለጣፊ አስለጥፎ ለሚስት «ያንቺ ነው» ማለት ደስ ይላል። ነገር ግን ቀለም ፍሬን አይዝም። ጀማሪ ደግሞ መጣሏ አይቀርም፤ አዲሱ ቀለም የሚፋቀው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የቀለሙ ብር ለሞተሩ የጎን ብረት መከላከያ ቢውል ሞተሩ ሲወድቅ እግሯም ካርተሩም ይተርፋሉ።

የመጀመሪያው ኪስ ምርመራ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠራ ጎማ ጎን ላይ አራት አሃዝ ያለው ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ግቢ ውስጥ ለዓመታት ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ደርቆና ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። በዝናብ አስፋልት ላይ ይንሸራተታል። የቆመ ሞተር የፍሬን ሸራም ያብለጨልጫል፤ ላዩ እንደ መስታወት ይሆንና ማንሻው ሲጨመቅ ሞተሩ አይቆምም። የጠነከረ እጅ ያለው ባል ይህን በጉልበቱ አካክሶ ላያስተውለው ይችላል። ለሚስት ግን ያው ፍሬን ፍሬን አይደለም።

ወንበሩ

ዲቲ 125 ለገጠር መንገድ የተሠራ ነው። ከመሬት ከፍ ያለ፣ ሞላው ረጅም፣ ወንበሩ ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ58 የሆነች ሴት የእግሯ የውስጥ ልክ ከዚያ ያነሰ ነው። ታዲያ ብዙ ሰው የሚሮጠው ሞተሩን ራሱን ወደ ማሳጠር ነው። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ መቀነስ ያለበት የወንበሩ ስፋት ነው። ወንበሩ ከፊት በኩል፣ ሳልባትዮውን በሚነካበት ቦታ ሰፊ ከሆነ ጭኖች ወደ ውጪ ይገፋሉ፤ እግር ቀጥ ብሎ በመውረድ ፈንታ በቅስት ይወርዳል፣ ርዝመቱም በከንቱ ያልቃል። የመኪና ፎደራ የሚሠራ ሰው የወንበሩን ሸራ አውልቆ ከሁለቱ ጎን ስፖንጁን እንደ ትከሻ ሸርተት አድርጎ ቢቆርጠው፣ ከፍታው ሳይነካ እግሯ ወደ መሬት ይቀርባል። ከዚያ በኋላ ከላይ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይነሳል። ከዚያ በላይ ከተወሰደ ነጂዋ ስፖንጅ ላይ ሳይሆን ላሜራው ላይ ነው የምትቀመጠው፤ ከሰዓት በኋላ ወገቧን ይዛ ትገባለች፣ በሳምንቱም ወደ ባጃጅ ትመለሳለች።

ሥራው መሠራት ያለበት እሷ ባለችበት ነው። ወንበሩን ለባል ሰጥቶ «በቃ አሳጥረው» ብሎ ማዘዝ የልብስ ልክ ሳይወስዱ ቀሚስ እንደማሰፋት ነው። ትቀመጥ፣ ሰፊው በጠመኔ ምልክት ያድርግ፣ ጥቂት ይቆረጥ፣ እንደገና ትቀመጥ። ሁለቱም እግር ሙሉ በሙሉ መሬት መርገጥ የለበትም። የሁለቱም እግር ፊተኛው ግማሽ ከረገጠ፣ ወይም አንዱ እግር ሙሉ በሙሉ ካረፈ ይበቃል። ወፍራም ሶል ያለው ቦት ጫማ ደግሞ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይሰጣል፤ ከሁሉ የረከሰው ማስተካከያ እሱ ነው፣ እግርንም ከጋለ ማርሚታ ይጠብቃል።

አሮጌውን ስፖንጅ ከመቁረጥ ሌላ ያገለገለ ወንበር ፈልጎ እሱን መቁረጥ ይሻላል። ሶማሌ ተራ ወይም ምናለሽ ተራ የሚመላለስ ሰው ያለው አያጣም። የመጀመሪያው ወንበር ሳይነካ ከነብሎኑ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ይቀመጣል። የሚሸጥበት ቀን ሲመጣ ይመለሳል።

ወንበሩ ብቻውን ካልበቃ ወደ ሞላው ይኬዳል። ቀላል ነጂ ሞላውን የምትጫነው ጥቂት ስለሆነ ሞተሩ ለእሷ ከባሏ ይልቅ ከፍ ብሎ ይቆማል። የኋላው ሞላ ጥብቀት የሚስተካከል ከሆነ ማላላት ነው፤ ቁልፍ ብቻ እንጂ ብር አይጠይቅም። ከፊት ደግሞ ጎማውን የያዙት ሁለት ቱቦዎች በማሰሪያቸው ውስጥ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ሊሳቡ ይችላሉ። ሲደረግ ግን መካኒኩ የፊቱን ሞላ እስከ መጨረሻው ተጭኖ ጎማው ፓራፋንጎውን እንደማይነካ ማየት አለበት። ፊቱ ብቻ ወርዶ ኋላው ከፍ ካለም ሞተሩ መታጠፍ ይቸኩላል፤ ለጀማሪ ይህ ጥሩ አይደለም።

ሞላ በግራይንደር መቁረጥ የሚባለውን ነገር ማድረግ አይገባም። የተቆረጠ ሞላ ይደርቃል፣ ጉድጓድ ሲመታ ብረት ከብረት ይጋጫል፣ ገዢው ዘንድም የሚመለስ ዋጋ የለውም። ሻንሲ ላይ መበየድማ ከዚያ የባሰ ነው፤ ምክንያቱ ኋላ ይመጣል።

ሞተሩ ዝቅ ካለ አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ የጎን ማቆሚያው። ሞተሩ 3 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ማቆሚያው በነበረበት ከቀረ ሞተሩ ዘንበል ማለቱን ትቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አህያ ታክካው ብታልፍ በተቃራኒው ጎን ይወድቃል። ቶርኖ ቤት ወይም ብየዳ ቤት ማሳጠር ቀላል ነው፤ እንደ ወንበሩ ሁሉ ያገለገለ ሌላ ማቆሚያ አግኝቶ እሱን ማሳጠር ይመረጣል።

እጅ፣ ማርሽና ዘይት

ጀማሪን የሚያሸንፋት ብዙ ጊዜ የሞተሩ ክብደት አይደለም፤ ፍሪሲዮኑ ነው። በከተማ መንገድ በየመስቀለኛው ይጨመቃል፣ ይለቀቃል። የደረቀ የፍሪሲዮን ገመድ በግማሽ ሰዓት ጣት ያደነዝዛል፤ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሪሲዮኑን በዝግታ በመልቀቅ ፈንታ ይለቀውና ሞተሩ ይዘላል። አዲስ ገመድ ከወንበር ሥራው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ወጪ ነው። ማንሻው ጫፉ ላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ ጨዋታ ይኑረው፤ መያዣውም ዞር ተደርጎ ክንዷ ቀጥ ሲል ጣቶቿ በተፈጥሮ የሚያርፉበት ላይ ይታሰር።

መሪውን ወደ እሷ ማዞር ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን ሞተሩ በርቶ መሪው ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ ጫፍ ይታጠፍ። ሲታጠፍ የሞተሩ ድምፅ ከጨመረ የቤንዚን ገመዱ እየተሳበ ነው። ባል ይህን ሳያይ ቢያስረክባት፣ የመጀመሪያዋ ጥምዝ ላይ ሞተሩ ራሱ ቤንዚን ይሰጥባታል።

የዲቲው ሞተር ሁለት ምት ነው፤ ጉልበቱ ከታች ዝም ብሎ ከላይ በድንገት ይመጣል። በዝግታ መሄድ ለምትለማመድ ሰው ይህ ያስቸግራል። ከካምቢዮው የምትወጣው ትንሿ ባለጥርስ በአንድ ጥርስ ብታንስ ነገሩ ይለዝባል። ለምሳሌ 15 የነበረው 14 ቢሆን በዚያው ፍጥነት ሞተሩ 7 በመቶ ያህል የበለጠ ይዞራል፤ ከፍተኛው ፍጥነት ይቀንሳል፣ በዝግታ ሲኬድ ግን አይንቀጠቀጥም፣ ጭነትም ይጎትታል። ከካቴና ቅያሬ ጋር አብሮ ከተሠራ የእጅ ዋጋው አንድ ነው። አሮጌዋ ባለጥርስ ካላለቀች ወደ ከረጢቱ ትገባለች።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚያስፈልገው ዘይቱ ነው። ያማሃ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ባስተዋወቀው አሠራር የሁለት ምት ሞተሮቹ ዘይት ከራሱ ዕቃ በፓምፕ እየተሳበ ከቤንዚኑ ጋር ይገናኛል። በአገልግሎት ብዛት ግን ፓምፑን ነቅለው ዘይቱን በእጅ ሳልባትዮ ውስጥ የሚቀላቅሉ ባለቤቶች አሉ። ባል ይህን በልማድ ያደርገዋል፤ ለሚስቱ መንገር ይረሳል። እሷ እንደማንኛውም ሰው ማደያ ገብታ ንጹሕ ቤንዚን ታስሞላለች። ፒስተኑ ይግልና ይነክሳል፤ የኋላው ጎማ በአስፋልት ላይ በድንገት ይቆልፋል። የሞተር እድሳት ዋጋ ከዚያ በፊት የወጣውን ሁሉ ይበልጣል፤ ሰውነትን ደግሞ የሚያድስ ጋራዥ የለም። ስለዚህ ፓምፑ ተጠግኖ ይመለስ፤ ካልሆነ የሳልባትዮው ክዳን ላይ ቅልቅሉ በቀለም ይጻፍ። እሷም ድምፁ ሲከብድና ሞተሩ ሲጎተት ከሁሉ አስቀድማ ፍሪሲዮን መጨበጥን ትልመድ።

ነጠላም ትልቅ ጉዳይ ነው። ትከሻ ላይ የተጣለ ነጠላ ወይም ሻርፕ ጫፉ ወርዶ ካቴናው ወይም የኋላው ጎማ ውስጥ ከገባ አንገት ይስባል። የካቴናው ላሜራ ሽፋን ከጨረታ ሞተሮች ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠፋ ዕቃ ነው፤ መካኒኩ «አያስፈልግም» ይላል፣ ያስፈልጋል። የገበያ ልብስ ያለ ሻርፕ አይሆንም ከተባለ ጃኬት ውስጥ ይግባ።

የሽሮው ጭነት ይቆይ። ጀማሪዋ ሞተሩን ባዶውን፣ ጠዋት በማለዳ፣ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ታጥፍ፣ ታቁም፣ ታስነሳ። 25 ኪሎ በርበሬ የኋላ መደርደሪያ ላይ ሲወጣ የፊት ጎማ ይቀላል፣ ወንበር ላይ የተገኘው የእግር ርዝመትም ሞተሩ ሲያዘነብል አያግዝም። አስተማሪው ባል ካልሆነም ይመረጣል፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ትዳር አላስፈላጊ ጭቅጭቅ አስተናግዷል።

ሊብሬው

ሻንሲው ላይ አይበየድ የተባለው በወረቀት ምክንያት ጭምር ነው። በሞተር ሳይክል የሻንሲ ቁጥሩ የሚመታው ብዙ ጊዜ መሪው በሚገባበት አንገት ላይ ነው። በዚያ አካባቢ ግራይንደር ያረፈበት፣ ቀለም የተደረበበት ሞተር ንጹሕ ቢሆንም የተሰረቀ ይመስላል፤ ገዢ ይሸሻል፣ ምርመራም ያስቆማል። ሞተሩ ተነቅሎ ሌላ ከተገጠመም ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አይገጥምም፤ ለመዘገበው መሥሪያ ቤት ካልተነገረ ስም በሚዛወርበት ቀን ሽያጩ ይቆማል። በጨረታ የገዛ ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት ስሙን አዛውሮ ሊብሬውን ይያዝ፤ በመሥሪያ ቤት ስም ያለ ሞተር ላይ የሚወጣ ብር በሰው መሬት ላይ እንደተሠራ ቤት ነው።

ሊብሬው በማን ስም ይሁን የሚለውም ወግ ብቻ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣውና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ዋጋው ከ500 ብር የበለጠ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የባልና ሚስት ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ክልሎች የየራሳቸው ሕግ አላቸው። 500 ብር ዛሬ የአንድ ጎማ ዋጋ እንኳ ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከዚህ መስመር በታች የሚወርድ ሞተር የለም። ሚስት ወንበሩን በልኳ አሰርታ፣ ደንበኞቿን በሞተሩ አስለምዳ ሳለ ባል ጥሩ ዋጋ መጣ ብሎ ማታ ቢሸጠው፣ የደከመችበት መንገድ ተዘጋ ማለት ነው። ገዢውም ቢሆን ፊርማዋን ሳያይ ገንዘብ ባይቆጥር ለራሱ ይሻለዋል።

ማስተካከል የማይበጅበት ጊዜም አለ። የሻንሲው ብረት የተሰነጠቀ፣ የፊት ቱቦው የተጣመመ ወይም ፒስተኑ ያለቀ ከሆነ የመጀመሪያው ኪስ ብቻውን በጀቱን ይጨርሰዋል። ያን ጊዜ «ይህን ያህል አውጥቼበታለሁ» የሚለው ሐሳብ መጥፎ አማካሪ ነው። ያለፈው ወጪ አልፏል፤ መታየት ያለበት ከዛሬ በኋላ የሚወጣው ነው። ዲቲውን ለገጠር መንገድ ለሚፈልገው ሰጥቶ ዝቅ ያለ የመንገድ ሞተር መለወጥ ይቻላል። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ያወጣው ሲጂ 125 እና በቻይና የተሠሩት ብዛት ያላቸው ቅጂዎቹ አራት ምት ናቸው፤ ወንበራቸው ዝቅ ይላል፣ ዘይት ከቤንዚን መቀላቀል የለም፣ መለዋወጫቸውም በብዙ ቦታ ይገኛል። ለማከፋፈል ሥራ ከዲቲው ይሻላሉ ቢባል ስህተት አይደለም። ባል ግን ዲቲውን ይወደዋል፤ ይህ በየትኛውም ሒሳብ ውስጥ የሚገባ ዕቃ አይደለም።

ምሳሌው ቤት ሞተሩ ጤነኛ ነው ይባል፤ ሥራው ተሠርቶ ሚስት መንጃ ፈቃዷን ይዛ፣ በመጀመሪያ አምስት ኪሎ፣ ኋላ አሥር ኪሎ እየጫነች ደንበኞቿን መዞር ጀመረች ይባል። የእጅ ልምድ ሲመጣ እግር መሬት የመርገጡ ነገር ቀስ እያለ ይረሳል፤ ልምድ ያላት ነጂ በአንድ እግር ጣት ትቆማለች። ወራት ካለፉ በኋላ ከገበያ ስትመለስ ወገቧን ይዛ፣ አልጋ ሥር ያለውን ከረጢት ፍቱልኝና የድሮው ወፍራም ወንበር ይመለስልኝ ብትል አይገርምም። ከረጢቱ ውስጥ ብሎኖቹ ሳይጎድሉ መገኘታቸው ያን ጊዜ ይፈተሻል።